ፕላኑ ላይ አረንጓዴ የሆነ መሬት

በቡራዩ፣ በሰበታ ወይም በሱሉልታ ቦታ ሊገዛ የሚወጣ ሰው ደላላውን የሚጠይቃቸው ነገሮች ይታወቃሉ። ስንት ካሬ ነው? ካርታ አለው? መብራት ገብቷል? መንገዱ መኪና ያስገባል? ከእነዚህ ሁሉ መቅደም የነበረበት ጥያቄ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይነሳ ይቀራል። ቦታው በከተማው መዋቅራዊ ፕላን ላይ በምን ቀለም ነው የተቀባው? አረንጓዴ ከሆነ ቤት አይሠራበትም፤ ዛሬ ተደብቆ ቢሠራበትም ነገ ሊፈርስ ይችላል። ይህ ጽሑፍ የሚያስተዋውቀው ያንን አረንጓዴ ቀለም ነው። ለምን እንደተቀባ፣ የትኛው ሕግ ከጀርባው እንደቆመ፣ መሬት ላይ ሲወርድ ምን እንደሚገጥመው።

ነገሩ ከመልክዓ ምድሩ ይጀምራል። አዲስ አበባን በሰሜን እንጦጦ፣ በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በምሥራቅ የረር ከበዋታል። ቡራዩ በእንጦጦና በወጨጫ መካከል በአምቦ መንገድ፣ ሰበታ ከወጨጫ ግርጌ በጅማ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ላይ ናቸው። እንጦጦ ውሃ ይከፍላል። በደቡብ ፊቱ የወረደው ዝናብ በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወንዞች አድርጎ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል። በሰሜን ጀርባው የወረደው የሱሉልታን ሜዳ አጥግቦ በሲቢሉና በሙገር በኩል ዓባይ ይገባል። ከእነዚህ ተራሮች በአንዱ ተዳፋት ላይ የተሠራ ቤት፣ ባለቤቱ አሰበውም አላሰበውም፣ ከበታቹ ላለ ሰው ውሃ ላይ የተሠራ ቤት ነው።

ይህ በግልጽ የሚታየው ገፈርሳ ላይ ነው። በ1930ዎቹ ከቡራዩ አጠገብ የተገነባው የገፈርሳ ግድብ የአዲስ አበባ የመጀመሪያው የመጠጥ ውሃ ግድብ ነው። የለገዳዲና የድሬ ግድቦች በኋላ ቢጨመሩም፣ የከርሰ ምድር ጉድጓዶችም ቢበዙ፣ የገፈርሳ ማጣሪያ እስካሁን በከተማዋ ምዕራብ ላሉ ሰፈሮች ውሃ ያቀርባል። አቅሙ በቀን 30,000 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ለመጠጥ የሚሆነው ውሃ የሚሰበሰበው ግን ግድቡ ካለበት ቦታ ብቻ አይደለም፤ ከላዩ ካሉት ተዳፋቶች ሁሉ ነው።

በደን በተሸፈነ ተዳፋት ላይ የወረደ ዝናብ መጀመሪያ ቅጠል ይመታል፤ ቀጥሎ ረግፎ የበሰበሰው ቅጠል ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ አፈር ይሰርጋል። ከሰረገው ከፊሉ ከወራት በኋላ በምንጭ ይወጣል፤ ከፊሉ ጠልቆ የጉድጓድ ውሃ ይሆናል። ያው ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያና በተደለደለ ግቢ ላይ ሲወርድ መስረጊያ ያጣል። በደቂቃዎች ውስጥ ጎርፍ ሆኖ አፈሩን ይጠርጋል፤ የሽንት ቤቱን ፍሳሽና የመንገዱን ዘይት ይዞ ይወርዳል። ደለሉ ግድቡ ሥር ይተኛል፤ በተኛው ልክም ግድቡ የሚይዘው ውሃ ይቀንሳል። ፍሳሹ ደግሞ አልጌ ያበቅላል፤ ማጣሪያው ተጨማሪ ኬሚካል ይፈልጋል፤ ወጪው መጨረሻ ላይ ከተማው ላይ ያርፋል። ተዳፋቱን ከቤት ነጻ አድርጎ መያዝ ለከተማዋ ከሚሠሩ የውሃ ሥራዎች ሁሉ ርካሹ ነው።

ተራራን ከልሎ መጠበቅ ለዚህ አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም። ከሰበታ በላይ በወጨጫ ወገብ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ታሪኩ በትውፊት እስከ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ይደርሳል። ንጉሡ ተራራው ተራቁቶ ቢያዩት ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። እንዲህ ከሆነ ደኑ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ በትእዛዝ የተጠበቀ ነው፤ በአፍሪካ በመንግሥት ትእዛዝ ከተከለሉ ደኖች ቀዳሚው ነው የሚሉም አሉ። ዛሬ የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝ ነው። ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ከፍ ሲሉ ኮሶ ይገኙበታል፤ ጉሬዛ በቅርንጫፎቹ ላይ ይዘላል፤ የምኒልክ ድኩላም አለ። ከአንድ ትልቅ ጽድ ሥር ቆም ብሎ የረገፈውን ቅጠል በእግር ገለጥ ያደረገ ሰው የሚያገኘው ጥቁር፣ ልልና በበጋም እርጥበቱን ያልጨረሰ አፈር ነው። ሰበታ ቢራ የሚጠመቅባት፣ የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከልም የሚገኝባት ከተማ ናት። ሁለቱም ያለ ውሃ ሥራ የላቸውም፤ ውሃው ደግሞ የሚጠራቀመው እንዲህ ባለው አፈር ውስጥ ነው።

ዛሬ የንጉሥ ትእዛዝን ቦታ የያዘው ሕግ ነው፤ ሕጉም ጥቂት አይደለም። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውሃ አካላትን ዳርቻ ለመከለልና በተከለለው ዳርቻ ውስጥ ዛፍ መቁረጥንም መኖሪያ ቤት መሥራትንም ለመከልከል ሥልጣን ይሰጣል። ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ግምገማ የሚያስፈልገው ማንኛውም ፕሮጀክት የአካባቢ መሥሪያ ቤቱን ይሁንታ ሳያገኝ እንዳይጀመር፣ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶችም ይህን ሳያረጋግጡ የኢንቨስትመንት ወይም የንግድ ፈቃድ እንዳይሰጡ ያዝዛል። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 አለ፤ የኦሮሚያ ክልልም የራሱ የመሬትና የደን ሕጎች አሉት።

ስለ ተዳፋት በቀጥታ የሚናገረው የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 456/1997 ነበር። በ2016 ዓ.ም በሌላ አዋጅ ተተካ እንጂ የተዳፋት ደንቡ መታወቅ ያለበት ነው። በዚያ አዋጅ ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት፣ ማለትም መቶ ሜትር ወደፊት ሲሄዱ ከስድሳ ሜትር በላይ ሽቅብ የሚያስወጣ መሬት፣ እንዳይታረስና ልቅ ግጦሽ እንዳይደረግበት ተከልክሎ ነበር። ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ብቻ ይውል ነበር። ከ31 እስከ 60 በመቶ ያለው ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት እርከን ሲሠራለት ብቻ ነበር። የሚገርመው ይህ ጥንቃቄ የተደረገው ለገጠር መሬት ብቻ መሆኑ ነው። አንድ ገደል አፋፍ የገበሬ ማሳ እያለ ሞፈር እንዳይነካው ቢከለከልም፣ ወደ ከተማ ክልል ሲገባ የገጠሩ አዋጅ አብሮት አይሻገርም። ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው የከተማው ፕላን ብቻ ነው። ፕላኑ አረንጓዴ ካልቀባው ማረሻ የተከለከለው አፋፍ ኤክስካቫተር ይፈቀድለታል።

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በአዋጁ መሠረት እያንዳንዱ ከተማ ለአሥር ዓመት የሚያገለግል መዋቅራዊ ፕላን፣ ከሥሩም የአካባቢ ልማት ፕላን ይኖረዋል። ፕላኑ ከተማው ወደየት እንደሚሰፋ፣ መኖሪያው፣ ኢንዱስትሪውና መንገዱ የት እንደሚሆን ሲወስን የአካባቢ ጥበቃውንም አብሮ ማመልከት አለበት። ባለሙያዎቹ ተዳፋቱን ይለካሉ፤ ውሃ የሚተኛበትን ሜዳ፣ የወንዞቹን ዳርቻ፣ ምንጮቹንና ደኑን ይለያሉ፤ እነዚህ ተደራርበው አረንጓዴው ቀለም ይወጣል። ረቂቁ ለሕዝብ ውይይት ይቀርባል፤ ምክር ቤት ያጸድቀዋል። ከጸደቀ በኋላ ሕግ ነው፤ ከፕላኑ ውጭ የሚሰጥ የግንባታ ፈቃድ የሕግ መሠረት አይኖረውም።

እስከዚህ ያለው ወረቀት ላይ ነው። መሬት ላይ ያለውን ለማወቅ ሕዝቡ ጨረቃ ቤት የሚለውን አሠራር ማየት ይበቃል። ቅዳሜ ማታ እንጨትና ቆርቆሮ ይራገፋል። ሌሊቱን ምሰሶው ይቆማል፤ ማገሩ ይመታል። እሁድ ረፋድ ላይ ጣሪያው ተመትቶ በሩ ላይ መጋረጃ ይሰቀላል። ሰኞ ደንብ አስከባሪ ሲደርስ ውስጡ እናት ከልጆቿ ጋር ምድጃ ለኩሳለች። ቆይቶ ከጎረቤት ቆጣሪ መብራት ይሳባል፤ ከዚያ የራስ ቆጣሪ ይገባል፤ ከዚያ ለአካባቢው መንገድና ለጥበቃ መዋጮ ይጀመራል። ሦስት አራት ዓመት ሲያልፍ ሰፈሩ ስም ያወጣል። የተጽዕኖ ግምገማ አዋጁም እዚህ ላይ አቅም የለውም። አንድ ፋብሪካ ሲመጣ ጥናት ይጠየቃል፤ መቶ ቤት አንድ በአንድ ሲሠራ ግን ለእያንዳንዱ ግምገማ የሚጠይቅ የለም፤ ጉዳቱ የሚለካው ደግሞ በድምሩ ነው። በ1999 ዓ.ም ሕዝብ ቆጠራ ሰበታም ቡራዩም እያንዳንዳቸው 49 ሺህ ገደማ ነዋሪ ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ በአምቦና በጅማ መንገድ የተመላለሰ ሰው ከተሞቹ ምን ያህል እንደተስፋፉ በዓይኑ አይቷል።

ገዢውን ብቻ መውቀስ ልክ አይመስለኝም። ሻጩ አርሶ አደርም የራሱ ሂሳብ አለው፤ ሂሳቡም የሚገባ ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አርሶ አደሩ ያለው የመጠቀም መብት ነው። መሬቱ ለልማት ሲፈለግ ካሳ ይከፈለዋል። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ካሳው ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በአሥር ተባዝቶ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይህን አሻሽሎ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢ በአሥራ አምስት እንዲባዛ አደረገ። የጤፍና የስንዴ ገቢ በአሥራ አምስት ቢባዛም ደላላው በካሬ ከሚጠራው ዋጋ ጋር አይገናኝም። ስለዚህ መሬቱ ሊወሰድ ነው የሚል ወሬ በሰፈሩ ሲሰማ አርሶ አደሩ በመንደር ውል ቆራርሶ ይሸጣል።

በዚህ ስሌት ውስጥ ከሁሉም የተረሳው ግን መሬቱ አረንጓዴ የተቀባበት ሰው ነው። መሬቱ ለፋብሪካ ቢወሰድ ካሳ ያገኝ ነበር። በድብቅ ቢሸጠው ገንዘብ ያገኝ ነበር። ጨፌውን ጨፌ፣ ደኑን ደን አድርጎ ቢያቆየው፣ ከበታቹ ያለው ከተማ ንጹሕ ውሃ ይጠጣል፤ እሱ ግን ምንም አያገኝም። ሕጎቻችን መሬትን ለሚያጣ ካሳ ያውቃሉ፤ መሬትን ለሚጠብቅ ክፍያ ግን እምብዛም አያውቁም። እኔ በበኩሌ በአዲስ አበባ ዙሪያ የአረንጓዴ ቦታ ጥበቃ የሚሰነካከልበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የደንብ አስከባሪ ማነስና የደላላ ብዛት ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

የእምነት መጥፋትም አለ። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች በአንድ ሊያቅድ የተነሳው የተቀናጀ ልማት ፕላን፣ ሕዝቡ ማስተር ፕላን የሚለው፣ በ2006 ዓ.ም ተቃውሞ ቀሰቀሰ፤ በኅዳር 2008 ዓ.ም ከጊንጪ ከተማ የተነሳው ተቃውሞም ብዙ ሕይወት አስከፈለ፤ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ፕላኑ ተሠረዘ። አርሶ አደሩ በፕላኑ ውስጥ ያየው መሬቱን ማጣቱን ነበር። ጊንጪ ላይ ከመነሻዎቹ አንዱ ደግሞ ለኢንቨስትመንት ሲባል ደን መመንጠሩ ነበር፤ ሕዝቡ ለዛፍ ግድ የለውም የሚሉ ይህን ያስታውሱ። በየካቲት 2011 ዓ.ም በአዲስ አበባ አጎራባቿ ለገጣፎ ከተማ ቤቶች ሲፈርሱ ከአስተዳደሩ የተሰጠው ምክንያት ለአረንጓዴ ቦታ የተከለለ ነው የሚል ነበር፤ ነዋሪዎቹ ደግሞ ለዓመታት የኖርንበትና ግብር የከፈልንበት ነው አሉ። አንድ አስተዳደር ሰው ሲሰፍር ዝም ብሎ፣ መብራት አስገብቶና ግብር ተቀብሎ ከዓመታት በኋላ ዶዘር ከላከ፣ መሬቱንም ሰውንም አልጠበቀም። አረንጓዴ የሚለው ስም በድሃ ጆሮ የማፍረሻ ምክንያት ሆኖ ከቀረ ደግሞ ቀጣዩን ደን ለማስጠበቅ የሚተባበር ጎረቤት አይገኝም።

ሱሉልታ ሜዳ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በክረምት ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል። በመስከረም ሣሩ ይረዝማል፤ ዝናቡ ሲያበቃ ታጭዶ ድርቆሽ ይሆናል፤ ድርቆሹ ለወተት ላሞች ይሄዳል። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በክረምት ያብጣል፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ቤት የሠራበት ሰው ይህን ከግድግዳው ያውቀዋል፤ ከመስኮቱ ማዕዘን የጀመረ መስመር ሁለተኛው በጋ ላይ ጣራው ሥር ይደርሳል፤ ወለሉ ይነሳል፤ በሩ አልዘጋ ይላል። ሜዳው የክረምቱን ውሃ እንደ ስፖንጅ ጠጥቶ ቀስ እያለ ለወንዞቹ ስለሚለቅ ከበታቹ ያለው መንደር በአንድ ጊዜ በጎርፍ አይመታም። አፈር ተደፍቶ ሲደለደል ውሃው አይጠፋም፤ የጎረቤት ሳሎን ውስጥ ይገባል።

ይህ ሜዳ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለአዕዋፍ ቁልፍ ከሚባሉ የኢትዮጵያ ሥፍራዎች አንዱ ነው። ነጭ ክንፍ ያላት፣ ከሣር ሥር ተሸሽጋ የምትኖር አንዲት ትንሽ የጨፌ ወፍ ቀደም ሲል እዚህ ተመዝግባለች። ወፏ እንቁላል የምትጥልባቸው ቦታዎች በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠሩ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ጨፌዎች ናቸው፤ በከፍተኛ ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርያዎችም ተመድባለች። ከሱሉልታ ይልቅ ዛሬ ስሟ የሚጠራው በምዕራብ ሸዋ በበርጋ ጨፌ ነው። የበርጋ ታሪክ ለእኛ ጉዳይ ትልቅ ትምህርት አለው። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከአካባቢው ነዋሪዎች ጋር የጥበቃ ቡድን አቋቋመ፤ ሚደልፑንት ዌትላንድ ትረስት ከተባለ የደቡብ አፍሪካ ድርጅት ጋር ሆኖም ለበርጋ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲሠራ አደረገ። ወፏ በምትራባበት ክረምት ጨፌው እንዳይረገጥ ማድረግ ለገበሬው ኪሳራ ነው፤ በምትኩ ልጁ የሚማርበት ክፍል ሲያይ ግን ጥበቃው ከእሱ ወገን መሆኑ ይገባዋል።

በትልቅ ከተማ ደረጃም ይህ ተሠርቶበታል። ኒውዮርክ እ.ኤ.አ በ1997 በብዙ ቢሊዮን ዶላር የውሃ ማጣሪያ ከመገንባት ይልቅ ውሃዋ ከሚመነጭበት ተራራማ አካባቢ ነዋሪዎች ጋር ስምምነት ፈረመች። ለመሸጥ ፈቃደኛ ከሆኑ መሬት ገዛች፤ ለገበሬዎች የእርሻ ማሻሻያ ወጪ ከፈለች፤ የሽንት ቤት ማጠራቀሚያዎችን አስጠገነች። ገንዘቡ የመጣው ውሃውን ከሚጠጣው ሕዝብ ነው። ጥበቃ በክፍያ ብቻ አይመጣም፤ በቅርባችን ናይሮቢ የካሩራ ደን ለሕንጻ ሊከፋፈል ሲል የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቿ ዋንጋሪ ማታይና ጓደኞቿ ችግኝ ይዘው ወጡ፤ እ.ኤ.አ በጥር 1999 ተደብድበውም አልተመለሱም። ዛሬ ናይሮቢ በመሐሏ ከሺህ ሄክታር በላይ ደን አላት።

በ2015 ዓ.ም ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ ሆነዋል። ወጨጫና የእንጦጦ ጀርባ ቀድሞ በተለያዩ ከተሞች ፕላን ይቆራረጡ ነበር፤ አሁን በአንድ ፕላን ሊያዙ ይችላሉ። በአዲስ አበባ በኩል ያለው የእንጦጦ ፊትም ከ700 ሄክታር በላይ በሚሸፍነው የጉለሌ እጽዋት ማዕከልና በእንጦጦ ፓርክ ተይዟል። በዚያው በ2015 ዓ.ም ግን በሸገር ከተማ ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ስለ አፈራረሱ ስጋቱን በይፋ ገልጿል። ተራራው ሁለት አስተዳደር ቢኖረውም ውሃው አንድ ነው። አዲስ አበባ የምትጠጣው ከኦሮሚያ ተዳፋት ነው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 49(5) ክልሉ በከተማዋ ላይ ያለውን ልዩ ጥቅም ያነሳል። ከውሃ ቢል ላይ ትንሽ ተቀንሶ ከገፈርሳ በላይ ላለው አርሶ አደር ደኑን ስለጠበቀ ቢከፈለው፣ የልዩ ጥቅሙን ነገር በጣም ተጨባጭ ከሚያደርጉት መንገዶች አንዱ ይሆን ነበር። ሁለቱ አስተዳደሮች ተቀምጠው ሊነጋገሩበት ይገባል እላለሁ።

እስከዚያው አንባቢ በእጁ ያለውን ያውቅ። በእነዚህ ከተሞች ቦታ ከመግዛትዎ በፊት የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄደው የቦታውን የፕላን አጠቃቀም ይጠይቁ፤ ካርታ እየተሠራለት ነው የሚል የደላላ ቃል ፕላን አይደለም። በሰፈርዎ አጠገብ ጨፌ ሲደለደል ወይም ደን ሲመነጠር ካዩ፣ ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት የተጽዕኖ ጥናት ለሕዝብ ክፍት መሆን እንዳለበትና አስተያየት መስጠት እንደሚቻል አዋጅ ቁጥር 299/1995 ይናገራል፤ ሄደው ጥናቱን ያንብቡ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ በአንቀጽ 11 ከዚህ አልፎ ይሄዳል። ማንኛውም ሰው በአካባቢ ላይ ጉዳት የሚያደርስ ወይም ሊያደርስ የሚችል ድርጊት ላይ ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በሠላሳ ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ በስድሳ ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። አቤት ባዩ በጉዳዩ ላይ የግል ጥቅም እንዳለው እንዲያሳይ አይጠየቅም።